የሚያነክሰውን ምት በምን እንያዘው?

በመዝሙር ቡድኖቻችን ልምምድ ላይ ደጋግሞ የሚነሳ፣ ግን ቁጭ ብለን የማንነጋገርበት አንድ ጉዳይ አለ። አዲስ መዝሙር ይመጣል። ግጥሙ በአንድ ምሽት ይያዛል፤ ዜማውም በሁለተኛው ልምምድ ይለመዳል። ምቱ ግን እሺ አይልም። ጭብጨባው ይበተናል፤ ድራም የሚመታውና ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ይተያያሉ። ያን ጊዜ ኪቦርዱ ላይ ያለው ወንድም "ቆይ፣ በስድስት ላድርገው" ይልና አንድ ቁልፍ ይጫናል። መዝሙሩ ይስተካከላል፤ ሁሉም እፎይ ይላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን መዝሙሩ ሌላ መዝሙር ሆኗል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ደቂቃ ነው። ያልተለመዱ ስልተ ምቶችን ለመያዝ ሰዎች የፈለሰፏቸው የማስታወሻ ብልሃቶች ብዙ ናቸው። የትኛው ይሠራል? የትኛው ያሳስታል? ለአምልኮ የማይገባውስ የትኛው ነው? ብልሃቶቹ በአብዛኛው ከቃላት የተሠሩ ስለሆኑ፣ በዚህ መጽሔት ግጥምና ታሪክ እንደምንመዝን ሁሉ እነርሱንም በቃልነታቸው እንመዝናቸዋለን።

አምስት ለምን ያስቸግራል?

ሰው ሁለት እግር አለው። ስለዚህ ሁለትና አራት እየተራመድን የምንቆጥራቸው ናቸው። ስድስትም ለእኛ አያስቸግርም። በብዙ የአማርኛ ዜማዎች ውስጥ ያለውንና ሙዚቀኞች ችክችካ የሚሉትን ምት ሁላችንም እናውቀዋለን። ስሙን ልብ በሉ፤ ችክችካ የሚለው ቃል ራሱ የማስታወሻ ብልሃት ነው። ቃሉን ደጋግሞ የሚጠራ ሰው ምላሱ ከበሮውን መምታት ይጀምራል። ስድስት ለሁለት ሦስቶችም፣ ለሦስት ሁለቶችም ይከፈላል፤ የእኛ ጆሮ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰማል። ይህንን ማንም በወረቀት አላስተማረንም። በእናቶቻችን አንቀልባ ላይ ሆነን፣ በሠርግ ቤት፣ በጥምቀት ሜዳ ዳር ቆመን የለመድነው ነው።

አምስት ግን እኩል አይከፈልም። ሁለትና ሦስት ወይም ሦስትና ሁለት ይሆናል፤ አንዱ እርምጃ አጭር፣ ሌላው ረጅም ነው። ስለዚህ አምስት ያነክሳል። ሰባትም ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት ሆኖ ሲመጣ እንዲሁ መጨረሻው ላይ ያነክሳል። ከእኛ አገር ምሳሌ የሚፈልግ የትግርኛውን የጓይላ ምት ይስማ። ብዙ ሙዚቀኞች በአምስት ይቆጥሩታል፤ ሌሎች ደግሞ ስድስት ሆኖ እንደ ተሰበረ አድርገው ይሰሙታል። እንዴትም ቢቆጠር በውስጡ ያ የልብ ትርታ የሚመስል እኩል ያልሆነ እርምጃ አለ። ውበቱም እዚያው ነው።

በውጭው ዓለም ደግሞ በጣም የታወቀው ምሳሌ "ቴክ ፋይቭ" ነው። ዴቭ ብሩቤክ ከቡድኑ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው "ታይም አውት" በተባለው አልበም ውስጥ የሚገኝ፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ ፖል ዴዝመንድ የደረሰው፣ በሦስትና ሁለት የሚራመድ ሥራ ነው። በዚያው አልበም ውስጥ ብሩቤክ በቱርክ የጎዳና ሙዚቀኞች ሲጫወቱ ሰምቶ የወሰደው የዘጠኝ ምትም አለ፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይሄዳል። ለአሜሪካ ጆሮ አዲስ የሆነው ነገር ለቱርክ ጎዳና የዕለት እንጀራ ነበር። "ያልተለመደ ምት" ስንል "እኔ ያልለመድኩት" ማለታችን መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

የኪቦርዱ መልስ

ወደዚያች ደቂቃ እንመለስ። ኪቦርዱ ላይ ያለው ወንድም ለምን ስድስትን መረጠ? ስንፍና አይደለም። በቤተ ክርስቲያኖቻችን የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ ኪቦርዶች ተሞልተው የሚመጡት ስታይሎች በአራት፣ በሦስትና በስድስት የተቆጠሩ ናቸው። አምስት ብዙ ጊዜ የለም፤ ካለም እኛ የምንፈልገው ዓይነት አይደለም። መሣሪያው የሌለውን ቡድኑ ይረሳዋል። ኪቦርድም በዚህ መንገድ የማስታወሻ ዕቃ ነው፤ የሚያስታውሰው ግን የሠሪዎቹን ትዝታ ነው።

"ምን ቸገረ? ጌታ የሚያየው ልብን ነው" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጌታ ልብን ያያል። ነገር ግን የሚያነክስ ምት ያለው መዝሙር ሲስተካከል የሚጠፋው ጌጥ ብቻ አይደለም። መዝሙሩ የመጣበት ሕዝብ በምቱ ውስጥ አለ። ከገጠር የመጣች እናት፣ ከሌላ ክልል ተፈናቅሎ እዚህ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወንድም፣ የአባቱን ቤት ምት በጉባኤ ውስጥ ሲሰማ "እኔም እዚህ ቦታ አለኝ" ይላል። ምቱ ሲለሰልስ እርሱ አብሮ ይለሰልሳል፤ ቀስ ብሎም ከዝማሬው ይወጣል። ስለዚህ ምትን በትክክል መያዝ የሙዚቃ ኩራት ብቻ ሳይሆን የፍቅር ጉዳይም ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ስለ ሙያ ዝም አይልም። በ1ኛ ዜና መዋዕል 25 ላይ በእግዚአብሔር ቤት ለመዘመር የተማሩት ቁጥራቸው 288 እንደ ነበረ ተጽፏል። ትንሹም ትልቁም፣ አስተማሪውም ተማሪውም በአንድነት በዕጣ ተራ ገቡ። ተማሪ ነበራቸው ማለት የሚማሩት ነገር ነበራቸው ማለት ነው።

ጣና እና ከበሮ

እንግዲህ እንዴት እንማረው? ከሁሉ የቀደመው ብልሃት ምትን በቃል መተካት ነው። በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህራን ለአምስት ምት አምስት ቀለም ያላቸውን ቃላት ይሰጣሉ፤ "ዩኒቨርሲቲ" እና "ሂፖፖታመስ" በጣም የተለመዱ ናቸው። የሁለቱም ቃላት ጫና ሦስተኛው ቀለም ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጅ ሁለትና ሦስት ያለ ምንም ድካም ይወጣለታል።

አንዳንድ ልጆቻችን ይህንኑ ከቪዲዮ ላይ አይተው ወደ ልምምድ ያመጡታል። እዚህ ግን አይሠራም። ባሕር ዳር ውስጥ "ዩኒቨርሲቲ" የሚለውን ቃል በጥንቃቄ የሚጠራው ስንቱ ነው? ብዙዎቻችን "ዩንቨርስቲ" ብለን እናሳጥረዋለን፤ አምስቱ ሦስት ወይም አራት ሆኖ ይቀራል። ከዚህም በላይ አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ በአንድ ቀለም ላይ ጫና ጥሎ ሌላውን የሚውጥ ቋንቋ አይደለም። የተዋስነው ብልሃት ቃሉን ሰጠን፤ እንዲሠራ የሚያደርገውን ጡንቻ ግን አልሰጠንም።

ታዲያ ከራሳችን አፍ እንጀምር። ሁለት ቀለም ያለው፣ ለምላስ የማይከብድ ቃል እንፈልግ፤ ጣና። ሦስት ቀለም ያለው ደግሞ፤ ከበሮ። አሁን "ጣና ከበሮ፣ ጣና ከበሮ፣ ጣና ከበሮ" በሉ፤ "ጣ" እና "ከ" ላይ ብቻ አጨብጭቡ። የመጀመሪያው ጭብጨባ አጭር፣ ሁለተኛው ረጅም ይሆናል። አምስት ይህ ነው። "ጣና ጣና ከበሮ" ብትሉ ሰባት ሆነ። "ጣና ጣና ጣና ከበሮ" ብትሉ ያ የቱርክ ጎዳና ዘጠኝ መጣ። "ከበሮ ከበሮ ጣና ጣና" ብትሉ ደግሞ ላሎ ሺፍሪን "ሚሽን ኢምፖሲብል" ለተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም የደረሰው የታወቀ ሙዚቃ የሚራመድበትን ምት አገኛችሁት።

ሁለቱ ቃላት ለምን እንደሚሠሩ መናገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ማንም ማንኛውንም ቃል ያመጣል። "ጣ" የሚለው ድምፅ ፈንድቶ የሚወጣ ነው፤ የከበሮ ጠርዝ ሲመታ እንደሚሰማው። ስለዚህ የምቱ መጀመሪያ ራሱን ያስታውቃል። "ከበሮ" ደግሞ ከጉሮሮ አጠገብ ይነሳል፣ ከንፈር ላይ ይደርሳል፣ ምላስ ጫፍ ላይ ያበቃል። ሦስቱ ድምፆች በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ስለሚሠሩ በፍጥነት ሲባል አይጋጩም። በደቡብ ህንድ ከበሮ የሚማሩ ተማሪዎች ይህንን ምስጢር ከጥንት ያውቁታል። ኮናኮል በሚባለው ጥበባቸው ሁለትን "ታ ካ"፣ ሦስትን "ታ ኪ ታ"፣ አራትን "ታ ካ ዲ ሚ" እያሉ ያለ ከበሮ በአፋቸው ይመታሉ። እዚያም ምላስ ከፊት ወደ ኋላ እየተቀያየረች ስለምትሠራ ትፈጥናለች።

ጥብቅና ላላ

አሁን ወደ ብልሃቱ ድክመት እንምጣ። "ለሰባት 'ጣና ዓባይ ከበሮ' ብንልስ? ዓባይ ከጣና ስለሚወጣ ለማስታወስም ያምራል" የሚል ይኖራል። በወረቀት ላይ ያምራል፤ አፍ ላይ ግን አይሆንም። "ዓባይ" ሲባል "ባ" ጠብቆ ይነገራል፤ አፍ ከንፈር ላይ ቆም ብሎ ይጠብቃል። በዚያች መቆሚያ ምቱ ይለጠጣል፤ ሰባቱ ሰባት ተኩል የሆነ ይመስላል።

ይህ የአማርኛ ጠባይ ነው። "ገና" የሚለው ቃል ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ "ገና ነው" ማለት ነው። "ዋና" ሲጠብቅ አለቃ ወይም ዋነኛ ነው፣ ሲላላ በጣና ውስጥ የምንዋኘው ነው። ጽሑፋችን ልዩነቱን አያሳይም፤ ጆሯችን ግን አይስተውም። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ብልሃት በጫና እንደሚቆም፣ የአማርኛ ብልሃት በጥብቅና ላላ ይቆማል። ላላ ቃላት ለእኩል ምት፣ ጥብቅ ቃላት ደግሞ ለሚጎተት ወይም ለሚንጠለጠል ምት ይሆናሉ። የግጥም ጸሐፊዎቻችንም ይህንን ቢያስቡበት መልካም ነው። በብዙ አዳዲስ መዝሙሮች ላይ ዘማሪው ጥብቁን ቃል አላልቶ፣ ላላውን አጥብቆ ለመዘመር የሚገደደው ግጥሙ ያለ ምት ስለሚጻፍ ነው። በዚህ ምክንያት ትርጉም የተለወጠባቸው መስመሮች በየጉባኤው ይሰማሉ።

አምስት ለአማርኛ ግጥምም እንግዳ አይደለም። ሰንጎ መገን የሚባለው የግጥም ቤት አምስት አምስት ቀለም እየሆነ ይሄዳል፤ የወል ቤት ደግሞ ስድስት ስድስት። ሆኖም አምስት ቀለም ያለው ግጥም ሁሉ በአምስት ምት ይዘመራል ማለት አይደለም፤ ዘማሪው አንዱን ቀለም ጎትቶ ስድስት ወይም ስምንት ሊያደርገው ይችላል። የቀለም ቆጠራ በር ይከፍታል እንጂ ቤት ውስጥ አያስገባም።

ሌላም ድክመት አለ። "ጣና ከበሮ" ብላችሁ ሳታቋርጡ ስትደጋግሙ፣ ከመሐል የገባ ሰው "ከበሮ ጣና" ብሎ ሊሰማው ይችላል። ሁለትና ሦስት በክብ ሲሽከረከር ሦስትና ሁለት ይመስላል። ብልሃቱ የእርምጃውን ርዝመት ይነግረናል፤ መነሻውን ግን አይነግረንም። ብዙ ቡድኖች በልምምድ ተስማምተው በጉባኤ ፊት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሁሉም አምስት ይቆጥራል፤ "አንድ" የት እንደ ሆነ ግን አልተስማሙም።

ሊቃውንቱ በምን ያዙት?

ለዚህ መድኃኒቱን ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። የቀደሙት የዜማ ሊቃውንት የሠሩትን ሥራ ማወቅ ይጠቅመናል። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚናገረው፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የድጓውን የዜማ ምልክት አደራጁ። ምልክቶቹ ከግእዙ ቃል በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፉ ናቸው። እንደ ድፋት፣ ቅናትና ርክርክ ያሉ ቅርጽ ያላቸው አሉ፤ በመቶ የሚቆጠሩት ግን ፊደላት ናቸው።

ፊደላቱ የሚሠሩበት መንገድ ያስደንቃል። አንድ ሁለት ፊደል ተጽፎ ሲታይ ተማሪው ድምፅ አያነብም፤ እነዚያ ፊደላት ቀድሞ በቃሉ የያዘው የሌላ ዜማ ሐረግ ምህጻረ ቃል ናቸው። "እዚህ ላይ ያንን የምታውቀውን አድርግ" ይሉታል። ስለዚህ ምልክቱ ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም፤ ለሚያውቅ ግን አንድ ሙሉ ሐረግ ከነመነሻው ከነመድረሻው ያስታውሰዋል።

ይህ የዜማ ብልሃት ነው፤ የምቱ ትምህርት ደግሞ በአካል ይሰጣል። በአቋቋም ቤት ተማሪው ዝማሜን በመቋሚያ እንቅስቃሴ፣ መረግድንና ጽፋትን በከበሮና በጸናጽል ይማራል፤ ዝግታውና ፍጥነቱ በትከሻውና በጉልበቱ ይቀመጣል። ከእነርሱ ጋር በብዙ ትምህርት ብንለያይም፣ ከዚህ የማስተማር ጥበብ ሁለት ነገር መማር እንችላለን። አንደኛው፣ አዲሱን በአሮጌው ላይ መስቀል ነው። ሁለተኛው፣ ምትን በራስ ቅል ብቻ አለመያዝ ነው።

ወደ እኛ ስናመጣው እንዲህ ይሆናል። አንድ የወጣት ቡድን ሁሉም አባል ከእንቅልፉ ቢነሳ እንኳ የማይስተው አንድ የአምስት መዝሙር ይምረጥ፤ አንድ የሰባትም ይምረጥ። አዲስ መዝሙር ሲመጣ "አምስት ነው" ከማለት ይልቅ "እንደዚያ መዝሙር ነው፤ መነሻውም እንደዚያኛው የመጀመሪያ ቃል ነው" ይባል። ያን ጊዜ "አንድ" የት እንዳለ አያከራክርም። "ጣና ከበሮ" እርምጃውን ያስተምራል፤ የሚታወቀው መዝሙር ደግሞ በሩን ያሳያል።

በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ አባቶቻችንና እናቶቻችን በየቤቱ ተሰብስበው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። ጭብጨባ የሚያጋልጥ ከሆነ ምቱ የሚቀመጠው ሰውነት ውስጥ ብቻ ነው። ስታይል የሚሰጥ መሣሪያ በሌለበት የተጠበቀ መዝሙር፣ መሣሪያ በሞላበት ዘመን ቢጠፋ ያሳዝናል።

ስሙን መቁጠሪያ እናድርገው?

አሁን ጥንቃቄ ወደሚፈልገው ነጥብ ደርሰናል። "ለምን ጣና እና ከበሮ? 'ኢየሱስ ጌታ' ብንልስ? ሦስትና ሁለት ነው፤ አምስት ይሆናል" የሚል ሐሳብ በወጣቶች መካከል ይነሳል። ቆጠራው ትክክል ነው፤ ኢ-የ-ሱስ፣ ጌ-ታ። የሚያቀርቡትም ምክንያት ቀላል አይደለም፦ "መቶ ጊዜ የምንደጋግመው ቃል ካስፈለገ ከጌታ ስም የተሻለ ምን አለ?" ይላሉ።

አሳቡን አከብራለሁ፤ አልስማማበትም። የማስታወሻ ቃል የሚሠራው ትርጉሙ ሲረሳ ነው። "ጣና ከበሮ" በሃያኛው ድግግሞሽ ላይ ሐይቅም ከበሮም አይደለም፤ ባዶ ድምፅ ሆኗል፤ መሆንም አለበት። በጌታ ስም ላይ ይህንን ማድረግ ግን ስሙን ሆነ ብሎ ባዶ ማድረግ ነው። እግዚአብሔር ስሙን በከንቱ እንዳንጠራ አዝዞናል፤ ጌታችንም በጸሎት ከንቱ ድግግሞሽን አስጠንቅቆናል። "ሜትሮኖም" ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ከስሞች ሁሉ በላይ ለሆነው ስም አንስጥ። ሐይቁና ከበሮው ይበቁናል፤ እነርሱ አይከፋቸውም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ አደጋም አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ላይ በመንፈስም በአእምሮም ስለ መዘመር ይናገራል። አፉ የጌታን ፍቅር እየዘመረ ልቡ "ጣና ከበሮ፣ ጣና ከበሮ" የሚል ዘማሪ በአእምሮ እየዘመረ ነው ማለት ይቻላል? በልምምድ ቀን አዎን፣ ይማርበት። በእሑድ ጉባኤ ግን ገና እየቆጠረ ከሆነ መዝሙሩ አልደረሰም፤ ሌላ ሳምንት ይቆይ። ጥሩ የማስታወሻ ብልሃት በመጨረሻ ይረሳል። የማይረሳ ከሆነ ደግሞ ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በግድግዳው ላይ የቀረ የእንጨት መወጣጫ ነው፤ ያስቸግራል እንጂ አያገለግልም።

የሚያነክሰው ልቅሶ

የዚህ ሁሉ ምሳሌ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ አለ፤ ሰቆቃወ ኤርምያስ። መጽሐፉ አምስት ምዕራፍ ነው። ምዕራፍ 1፣ 2 እና 4 እያንዳንዳቸው 22 ቁጥር አላቸው፤ የዕብራይስጥ ፊደላት 22 ስለሆኑ እያንዳንዱ ቁጥር በፊደላቱ ተራ ይጀምራል። ምዕራፍ 3 ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ጊዜ ስለሚጠቀም 66 ቁጥር አለው። መዝሙር 119ም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ 22 ፊደል፣ ለእያንዳንዱ 8 ቁጥር፣ በድምሩ 176። ይህ የፊደል ተራ አንባቢው ግጥሙን በቃሉ እንዲይዘው ይረዳዋል፤ የሚቀጥለው መስመር ቢጠፋው ፊደሉ ይጠራዋል።

ምቱስ? ካርል ቡዴ የተባለው ጀርመናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1882 ባሳተመው ጥናት፣ በሰቆቃወ ኤርምያስ ውስጥ ብዙዎቹ መስመሮች ሦስትና ሁለት ጫና ያላቸው መሆናቸውን አሳየ። የመጀመሪያው ግማሽ ይረዝማል፣ ሁለተኛው ያጥራል፤ ልክ የሚያለቅስ ሰው ትንፋሽ እንደሚያጥረው። ይህንንም በዕብራይስጥ የልቅሶ ግጥም በሚጠራበት ስም "ቂና" አለው። ስለ ዕብራይስጥ የግጥም ምት ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ፤ ያ አጭር የሆነ ሁለተኛ ግማሽ ግን በብዙ መስመሮች ላይ ይታያል።

እንግዲህ ከተማይቱ ፈርሳ ሕዝቡ በተማረከ ጊዜ ልቅሶው በሚያነክስ ምትና በፊደል ተራ ተያዘ። ኀዘኑ እንዳይረሳ በጥበብ ታሰረ። ይህ ለእኛ ትውልድ ትልቅ ትምህርት አለው። በአገራችን ብዙ እንባ ፈስሷል፤ በመዝሙሮቻችን ውስጥ ግን ልቅሶ እያነሰ፣ ሁሉም ነገር በፈጣንና በተስተካከለ ምት እየተዘመረ ነው። ሁሉን ምት የሚያስተካክል ቡድን ቀስ በቀስ የሚያለቅስበት ምት ያጣል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ምዕራፍ 5 ነው። እርሱም 22 ቁጥር አለው፤ የፊደል ተራው ግን የለም። ቁጥሩ ቀርቷል፣ መያዣው ወድቋል፤ የሚያነክሰውም ምት በአብዛኛው ተትቷል። ለምን? ገጣሚው አልነገረንም። እንደ እኔ ንባብ ግን ይህ የመጨረሻው ምዕራፍ ወደ እግዚአብሔር የሚቀርብ የሕዝብ ጸሎት ነው፤ በጸሎት ሰዓት ሰው ፊደል አይቆጥርም። አራት ምዕራፍ ሙሉ በብልሃት የተማረ አንደበት፣ በአምስተኛው ላይ ብልሃቱን ለቅቆ መጠኑን ብቻ ይዞ ይጮኻል።

የአማርኛው አንባቢ የዕብራይስጡን ፊደል ተራ አይሰማም፤ የሦስትና ሁለቱም እርምጃ በትርጉም ጠፍቷል። ልቅሶው ግን ደርሶናል። ብልሃት ቃሉን ለማድረስ ያገለግላል፤ ቃሉ ከደረሰ በኋላ ግን ቃሉን ያህል አይደለም።

ስለዚህ ለየወጣት ኅብረቶቻችን የምለው ይህ ነው። በሚቀጥለው ልምምድ አንድ መዝሙር "አልገባ" ሲል ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ስጡት። መሣሪያውን ዝም አሰኙ፤ "ጣና ከበሮ" በሉ፤ እግራችሁ ይያዘው፤ የመዝሙሩ የመጀመሪያ ቃል የት ላይ እንደሚወድቅ ተስማሙ። ከዚያ ጥብቁን እንደ ጥብቅ፣ ላላውን እንደ ላላ አድርጋችሁ ግጥሙን በዝግታ አንብቡት። ሳምንቱን ሙሉ በመንገድ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ዕቃ ስታጥቡ በአፋችሁ ይመላለስ። እሑድ ሲደርስ ሐይቁንም ከበሮውንም ርሱአቸው። በጉባኤው መካከል ምቱን ከልጅነቱ የሚያውቅ አንድ ሰው ቀና ብሎ ሲያጨበጭብ ታዩታላችሁ።